«አልስብ አለች»፦ የአሮጌ ፒክአፕ ሕመምና የመካኒክነት ታሪክ

ሞተር እየተንተፋተፈ ጉልበት ሲያጣ ሹፌሩ ጋራዥ ደርሶ የሚናገረው አጭር ነው፤ «አልስብ አለች» ይላል። ቤንዚን የሚሠራ ሞተር ንጹሕ ነዳጅ፣ በልኩ የሚደባለቅ አየርና በሰዓቱ የሚመጣ ብልጭታ ይፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ያስነጥሳል፣ ይንገጫገጫል፣ ዳገት ላይም ይቆማል። በናፍታ ሞተር ላይ ብልጭታ የለም፤ ቦታውን የአየሩ መታመቅና የፖምፓው ግፊት ይይዙታል። ይህ ሕመም ከመኪና ጋር አብሮ ወደ ኢትዮጵያ የገባ ነው። ምልክቱ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተጠርጣሪው ነው። መካኒኩ መጀመሪያ እጁን የሚሰድበት ቦታ በየዘመኑ ይለያያል።

የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘች መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ እያስነዳ ለዳግማዊ ምኒልክ አደረሰ። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ ሁለተኛዋን ይዞ መጣ። ባቡሩ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ማደያ በሌለበት አገር ቤንዚኑም እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በጣሳና በበርሜል ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ ነበር፤ በርሜል ደግሞ ዝገትና ውሃ ያቁራል። የቀድሞዎቹ መኪኖች ከነዳጅ መስመራቸው ላይ ትንሽ የብርጭቆ ጽዋ የነበራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከጽዋው ሥር ይዘቅጣል፤ ሹፌሩ በዓይኑ አይቶ፣ ፈትቶ፣ ደፍቶ ይመልሰዋል። ለሕመሙ እንዲህ ያለ ቀላል ምርመራ ከዚያ በኋላ አልተገኘም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሙያው ሥር የሰደደው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በሊማሊሞ ገደልና በጣርማ በር ተራራ ላይ ሳይቀር መንገድ ተቆረጠ፤ የፊያትና የላንቺያ የጭነት መኪኖችም ተመላለሱበት። ወራሪው ከተባረረ በኋላ የቀሩ ጣሊያኖች ጋራዥ ከፈቱ፤ ቁልፍ በማቀበልና ዕቃ በቤንዚን በማጠብ የጀመሩ ልጆችም ሙያውን ከነቃላቱ ወረሱ። ቃላቱን ጠጋ ብሎ ላያቸው ሰው ጨዋታ አላቸው። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው። የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ ማርሚታ ድስት ነው፤ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ፤ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራ ደግሞ የጥንት ወታደር ፍላጻ የሚወረውርበት ቀስት ነው። የአዲስ አበባ መካኒክ ይህን ሁሉ ሳያስብ «ማርሚታው ተበስቷል፣ ካንዴላው ይቀየር» ሲል ይውላል። ናፍታም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የተከፈተው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሙያውን በክፍል ቢያስተምርም፣ ብዙው መካኒክ የወጣው ግን ከጋራዥ ወለል ላይ ነው።

ካንዴላው ለእነዚህ ሰዎች እንደ ሐኪም መነጽር ነበር። ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጥላሸት ከለበሰ ነዳጁ በዝቷል፤ ከነጣ አየሩ በዝቷል፤ በዘይት ከራሰ ደግሞ የፒስተኑ ፋሻ ወይም ቫልቩ አልቋል፣ ወጪውም ከባድ ነው። ቀጥሎ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ይነሣል። ብልጭታው የሚፈጠረው እዚያ ያሉት ትንንሽ መነካኪያ ብረቶች ሲላቀቁ ነው፤ በመካከላቸው የሚፈለገው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ሲቃጠሉ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃሉ። ክፍተቱ በመለኪያ ብረት ይስተካከላል፤ መለኪያ ከጠፋም በልምድ።

ደጋው አገር የራሱን ጣጣ ጨመረ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሞተሩም ጉልበት ከሞላ ጎደል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለቆላ የተቃኘ ካርቡራቶር ደጋ ሲወጣ ለሳሳው አየር የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይታፈናል። በዓባይ በረሃ ደግሞ ሙቀትና የሳሳ አየር ተደጋግፈው ይመጣሉ። ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ያስወጣል። ከሥር ሙቀቱ የነዳጅ መስመሩን ያግላል፤ ከላይ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ቤንዚኑ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ሲሞላ ፖምፑ የሚስበው ነዳጅ ሳይሆን አረፋ ይሆናል፤ መኪናዋም ተንተፍትፋ ትቆማለች። መፍትሔው እርጥብ ጨርቅ ነበር። ረዳቱ ከጀሪካን ውሃ ያፈስና ጨርቁን ነክሮ ፖምፑ ላይ ይጠመጥመዋል፤ ሞተሩ እስኪበርድ ከዛፍ ሥር ይጠበቃል። ነገሩ ያልገባው ባለመኪና በዚህ መካከል ደህናውን ካርቡራቶር ያስፈታል።

ቶዮታ ሃይሉክስን እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ አቀረበ። ፒክአፑ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም በእርዳታ ድርጅትም ግቢ የተለመደ ዕቃ ሆነ፤ 2.4 ሊትር የናፍታ ሞተር ያለው ሲመጣ ደግሞ ካንዴላና መነካኪያ ብረት ከምርመራው ወጡ። ተጠርጣሪው ወደ ናፍታ ፊልትሮው ዞረ። ፊልትሮ ሲዘጋ መኪናዋ ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትጨምርላት ግን ትሞታለች። ቱቦው ተሰንጥቆ አየር ከሳበም እንዲሁ ናት። መካኒኩ ከፊልትሮው አናት ያለችውን የእጅ ፖምፕ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ይጫናል፤ አየር ማስወጫዋን ብሎን ሲያላላ ናፍታው መጀመሪያ አረፋ እየደፈቀ፣ በኋላም ያለ አረፋ ይፈስሳል። ያን ጊዜ ብሎኑ ይጠብቃል። የጭሱ ቀለም የቀረውን ይናገራል፦ ጥቁር የአየር ማነስ ወይም የናፍታ መብዛት፣ ነጭ ያልተቃጠለ ናፍታ ወይም ውሃ፣ ሰማያዊ የዘይት መቃጠል ነው።

የነዳጁ ታሪክም በሞተሩ ውስጥ ያልፋል። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1997 ሠርቶ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ የምትጠቀመው ተጣርቶ ያለቀ ነዳጅ ከውጭ ገዝታ ነው። ላምባ ከናፍታ ረክሶ በተሸጠባቸው ዓመታት ናፍታ ውስጥ እየተቀላቀለ ፖምፓና ኖዝል ማበላሸቱ የታወቀ ቅሬታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መደባለቅ ተጀመረ፤ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኢታኖል ውሃ ይስባል፤ በአሮጌ ታንከር ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጋገረውንም ዝቃጭ ያላቅቃል። ለአዲስ መኪና ይህ ምንም አይደለም። ካርቡራቶር ያላት አሮጌ ፒክአፕ ግን ዝቃጩ ከመርፌ የቀጠነችውን የነዳጅ ቀዳዳዋን ይደፍንባታል።

ዲፎርዲ የሚባለው የቶዮታ የናፍታ ሞተር ከመጣ ወዲህ መካኒኩ ከጆሮው ቀድሞ ኮምፒውተር ይሰካል። በዚህ ሞተር ናፍታው ከ1,000 ከባቢ አየር በሚበልጥ ግፊት ስለሚረጭ፣ ድሮ ሞተሩን አስሎ ያልፍ የነበረ ጠብታ ውሃ ዛሬ ኖዝሉን ይበላል። ኮምፒውተሩ የነዳጅ ግፊት መውረዱን ይናገራል እንጂ ለምን እንደወረደ አይናገርም፤ ይህን ያልተረዱ ጋራዦች ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሱማሌ ተራ ውድ ኖዝል ያስገዛሉ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ይነዳሉ። አልስብ ያለችውን ይዞ ጋራዥ የሚሄድ ባለመኪና ሞተር ከማስፈታቱ በፊት የነዳጅና የአየር ፊልትሮውን ያስለውጥ፤ ከታንከሩ ሥር ያለውን ውሃም ያስደፋ።