የጃንሜዳ ሣር

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ጃንሜዳን ያየ ወዳጁ ልቡ ሳይሰበር አልቀረም። የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ግፊያው እንዲቀንስ ተብሎ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደዚህ ተዛወረ። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ አይሱዙዎች ሣሩን ፈጩት፤ ዝናቡ ሲወርድ ሜዳው ጭቃ ሆነ። ነጋዴውን አልወቅስም፤ ሂድ የተባለበት ሄዶ የልጆቹን ጉርስ ነው የፈለገው። የሚያንገበግበኝ ሜዳው ትርፍ ቦታ መስሎ መታየቱ ነው።

ስሙ «የጃንሆይ ሜዳ» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው ይባላል። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሲሆኑ፣ አሸናፊው ጦር የተሰለፈው፣ ምርኮኛው ንጉሥም በሕዝብ ፊት ያለፉት እዚህ ነው። ፈረሰኛው ጉግስ ገጥሞበታል። ለገና ደግሞ ጎረምሳው በሁለት ወገን ተከፍሎ፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ሩሯን ሲያሳድድ ይውላል። ጥር 10 ከተራ ሲደርስ ስፖርተኛው ይለቃል፤ ታቦታቱ በዝማሬ ታጅበው ገብተው በድንኳን ያድራሉ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሩጫው ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ነው፣ መሬቱም ወጣ ገባ። በጃንሜዳ አገር አቋራጭ ውድድር የሚሮጡት ከየክለቡ የመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹን ከአገር ውጭ ማንም አያውቃቸውም። ለዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የሚሄደው ቡድን ይመረጥበት ስለነበር ግን፣ እዚህ ከፊት መግባት ራሱ ትልቅ ማዕረግ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. በዓለም ሻምፒዮናው አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት 5 ዓመት ሳያቋርጥ ሲያሸንፍ፣ ከኋላው እንዲህ ያለ ፉክክር ነበረ። ገመዱ ጥግ ቆሞ የሯጮቹን ትንፋሽ የሰማ ሰው ይህን ለማመን ሜዳሊያ መቁጠር አያስፈልገውም።

ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሲነሣ የ2013 ጥምቀት ደርሶ ነበር። ወጣቶች አካፋና መጥረጊያ ይዘው ወጡ፤ የበሰበሰውን ጠርገው ለታቦታቱ ማደሪያ አደረሱ። ቃና ዘገሊላ አልፎ ድንኳኑ ሲነቀል፣ ሜዳው እንደ ወትሮው ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው ጎል ለሚሠሩት ልጆች ይመለሳል።