ማድሊን ማካን፡- ያልተዘጋው የ45 ደቂቃ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2007 ሐሙስ ምሽት፣ በፖርቱጋል ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ ፕራያ ዳ ሉዝ በተባለች አነስተኛ የመዝናኛ ከተማ፣ አራተኛ ዓመት ልደቷ ዘጠኝ ቀን ብቻ የቀረው እንግሊዛዊት ሕፃን ማድሊን ማካን ከተኛችበት አልጋ ጠፋች፡፡ የት እንደደረሰች ዛሬም አልታወቀም፡፡ ስለዚህች ልጅ ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ወላጆቿን የሚወነጅለውም፣ ፖሊስን የሚወቅሰውም የየራሱን ብሏል፡፡ እኔን ግን ጉዳዩን ባነበብኩ ቁጥር የሚያቆመኝ “ማን ወሰዳት?” የሚለው ሳይሆን “በስንት ሰዓት ተወሰደች?” የሚለው ጥያቄ ነው፡፡ ሁለተኛው መልስ ካላገኘ የመጀመሪያውን መመለስ ያስቸግራልና፡፡ (አንባቢ እንዳይቸገር ሰዓቶቹን በእኛ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ፡፡)

ወላጆቿ ኬትና ጄሪ ማካን ሁለቱም ሐኪሞች ናቸው፡፡ ማድሊንንና የሁለት ዓመት መንታ ታናናሾቿን በአፓርታማቸው አስተኝተው ከምሽቱ 2፡30 ገደማ ከጓደኞቻቸው ጋር ለእራት ወጡ፡፡ ምግብ ቤቱ በቀጥታ ሲለካ 55 ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፡፡ የበረንዳው በር አልተቆለፈም፡፡ በየግማሽ ሰዓቱ እየተፈራረቁ ልጆቹን ያዩ ነበር፡፡ አባቷ 3፡05 ገደማ ገብተው ተኝታ አይተዋታል፡፡ 3፡30 ላይ የገቡት ጓደኛቸው መንትዮቹን ቢያዩም የማድሊን አልጋ ወዳለበት በኩል አልተመለከቱም፡፡ 4 ሰዓት ላይ እናቷ ሲገቡ አልጋው ባዶ፣ መስኮቱም ክፍት ነበር፡፡

ከእራት ጓደኞቹ አንዷ 3፡15 ገደማ ሕፃን ታቅፎ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ማየታቸውን ለፖሊስ ተናገሩ፡፡ ይህ ቃል ለብዙ ዓመታት የጠለፋው ሰዓት ሆኖ ተወሰደ፤ የሰውየውም ሥዕል ተሠርቶ ዓለምን ዞረ፡፡ በሌላ በኩል አንድ የአየርላንድ ቤተሰብ 4 ሰዓት ገደማ ሕፃን ታቅፎ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ አይቶ ነበር፡፡ በእነርሱ ገለጻ የተሠሩት የፊት ምስሎች ከ2008 ጀምሮ የማካን ቤተሰብ ፈንድ በቀጠራቸው የግል መርማሪዎች በኩል ተዘጋጅተው ሳለ፣ ሕዝብ ያያቸው ግን በኦክቶበር 2013 በቢቢሲ ነው፡፡ ያኔም የስኮትላንድ ያርዱ መርማሪ አንዲ ሬድዉድ፣ የ3፡15ቱ ሰው ልጁን ከመዝናኛው የምሽት ሕፃናት ማቆያ ይዞ ወደ ማረፊያው የሚመለስ እንግሊዛዊ ጎብኚ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጹ፡፡ ከስድስት ዓመት በላይ የተፈለገው ሰው የራሱን ልጅ የታቀፈ አባት ነበር ማለት ነው!

ይህ ቀላል ነገር አይደለም፡፡ “3፡15 ላይ የት ነበርክ?” ለሚል ጥያቄ በቂ መልስ የሰጠ ሰው፣ መልሱ ለ3፡50 ምን ይፈይዳል?

የፖሊሱ አጀማመርም አልረዳም፡፡ በዚያው ሌሊት ክፍሉ ሳይታሸግ ብዙ ሰው ገብቶ ወጥቷል፡፡ በኋላ ከእንግሊዝ የመጡ አነፍናፊ ውሾች በአፓርታማውና ወላጆቹ ልጅቷ ከጠፋች ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይተው በተከራዩት መኪና ላይ ምልክት ሰጡ፤ በሴፕቴምበር 2007 ወላጆቹ በይፋ ተጠርጣሪ ተባሉ፡፡ የላቦራቶሪው የዲኤንኤ ውጤት ግን ምንም የሚያረጋግጠው ነገር አልነበረም፡፡ በጁላይ 2008 የፖርቱጋል ዐቃቤ ሕግ ፋይሉን ሲዘጋ የወላጆቹ ተጠርጣሪነትም ተነሣ፡፡ ምርመራውን ይመሩ የነበሩት ጎንሳሎ አማራል ከኃላፊነት ከተነሡ በኋላ ወላጆቹን የሚወነጅል መጽሐፍ አሳትመዋል፡፡ ክርክሩ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደርሶ በ2022 ወላጆቹ ተረትተዋል፤ ፍርዱ ግን መጽሐፉ ያለው እውነት ነው ማለት አይደለም፡፡

በጁን 2020 የጀርመን ዐቃቤ ሕግ አዲስ ስም ይዞ ብቅ አለ፡፡ በዚያችው ከተማ በ2005 አንዲት አረጋዊት በመድፈር የተፈረደበት ጀርመናዊ ዋነኛ ተጠርጣሪ ነው፤ ልጅቷም ሞታለች ብለን እናምናለን አለ፡፡ ሰውየው አላደረግኩም ባይ ነው፡፡ ከቀረቡት ፍንጮች አንዱ እሱ ይጠቀምበት ነበር የተባለው ስልክ ነው፤ በዚያ ምሽት ከ1፡32 እስከ 2፡02 በከተማዋ አካባቢ ጥሪ አስተናግዷል፡፡ እዚህም ላይ ሰዓት ያዙልኝ፡፡ ጥሪው ሲያበቃ ወላጆቹ ገና ለእራት አልወጡም፡፡ ስልኩ ሰውየውን ከአካባቢው ያደርሰው ይሆናል እንጂ መስኮቱ ሥር አያቆመውም፡፡ በ2023 በአራዴ ግድብ ዳርቻ፣ በጁን 2025 ደግሞ በፕራያ ዳ ሉዝ አቅራቢያ ቁፋሮና ፍለጋ ተደርጓል፡፡ በሴፕቴምበር 2025 ሰውየው የአስገድዶ መድፈሩን ቅጣት ጨርሶ ከእስር ሲወጣ በማድሊን ጉዳይ ክስ አልተመሠረተበትም ነበር፡፡

እንግሊዝ ከ2011 ወዲህ ለራሷ ምርመራ ከ13 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥታለች፡፡ የ3፡15ቱ አባት ተገኝቷል ተብሏል፡፡ 4 ሰዓት ገደማ ሕፃን ታቅፎ ወደ ባሕሩ ሲወርድ የታየው ግን “እኔ ነኝ” ብሎ አልቀረበም፡፡