በደም የማይወረስ ወንጀል

ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. የጃፓን የጦር አውሮፕላኖች በሃዋይ ደሴቶች የሚገኘውን የፐርል ሀርበር የባሕር ኃይል ሰፈር በድንገት ደብድበው ከ2,400 በላይ ሰዎችን ገደሉ። ሐዘኑ ሳይበርድ ቁጣው ከአጥቂው ሠራዊት አልፎ፣ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ መሬት እያረሰና ዓሣ እያጠመደ በሚኖረው የጃፓን ተወላጅ ላይ ዞረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ የቶኪዮ መንግሥት ወንጀል በጎረቤት ተላከከ።

የካቲት 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። በግራዚያኒ ላይ በተጣለው ቦምብ ሰበብ የአዲስ አበባ ሕዝብ በጅምላ ከተጨፈጨፈ ያን ዕለት ልክ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሁለቱ ድርጊቶች በጭካኔ አይመጣጠኑም፤ በደሉን ከፈጻሚው አልፈው በመላው ወገን ላይ መጫናቸው ግን ያመሳስላቸዋል።

በትእዛዙ መሠረት 120,000 ያህል ሰዎች ያለ ክስና ያለ ፍርድ በሽቦ ወደታጠሩ ማጎሪያዎች ተጋዙ፤ ሁለት ሦስተኛዎቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ከፍርሃቱ ጀርባ ጥቅምም ነበረ፤ በአትክልት ገበያ የሚፎካከሯቸው ነጭ አምራቾች መባረራቸውን ደግፈዋል። በአንጻሩ ጥቃቱ በደረሰበት በሃዋይ፣ ከነዋሪው ከሲሶ በላይ የሆኑት የጃፓን ተወላጆች ጉልበታቸው ለምጣኔ ሀብቱ አስፈላጊ ስለነበረ በጅምላ አልታሰሩም።

ይህን ግፍ የተቃወሙ አልጠፉም። የኮሎራዶ ገዥ ራልፍ ካር፣ ዜጋን በዘሩ ማሰር ሕገ መንግሥቱን መጣስ ነው ብለው በአደባባይ ተከራከሩ፤ በ1935 ዓ.ም. ለምክር ቤት በተደረገው ምርጫም ተሸነፉ። ተማሪው ጎርደን ሂራባያሺና የብየዳ ሠራተኛው ፍሬድ ኮሬማትሱ ትእዛዙን ጥሰው ታሰሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1935 እና በ1937 ዓ.ም. ፈረደባቸው።

እውነቱ ግን ተቀብሮ አልቀረም። በ1975 ዓ.ም. በመንግሥት የተቋቋመ መርማሪ ጉባኤ፣ እርምጃው ከዘር ጥላቻና ከጦርነት ድንጋጤ የመነጨ እንጂ ወታደራዊ ግዴታ እንዳልነበረ አረጋገጠ። የኮሬማትሱ ጥፋተኝነት በ1976 ተሻረ፤ በ1980 በሕይወት ለተረፉት ይፋ ይቅርታና ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሳ ተወሰነ።

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ኒው ዮርክና ዋሽንግተን በአጥቂዎች ሲመቱ፣ ጥርጣሬው በሙስሊሞችና በዓረቦች ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ኮሬማትሱ ዝም አላሉም፤ በ1996 ዓ.ም. በጓንታናሞ ያለ ክስ ለታሰሩት በመወገን ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አስተያየታቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። እኒህ ሰው የተከራከሩላቸው በዘርም በሃይማኖትም የማይዛመዷቸውን ነበር። መምህሩ ለተማሪው፣ የኪነ ጥበብ ሰውም ለተመልካቹ ሊያደርሰው የሚገባው ታሪክ ይህ ነው፤ ወንጀለኛ በስሙና በሥራው ይጠየቃል፤ ወገኑ ግን በደሙ አይከሰስም።