ከመጻሕፍት ግምጃ ቤት ወደ ንባብ ቤት
በአምቦ መንገድ ከተሞች የተማሪዎች ነፃ ንባብ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚያመራው አውራ ጎዳና ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ በ114 ኪሎ ሜትር ግድም አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም ጉደርንና ጌዶን አቋርጦ ወደ ወለጋ ይዘልቃል። መንገዱ እህልና ከብት፣ ቡናና የአምቦ ውሃ ሲመላለስበት የኖረ ነው። ለነዚህ ከተሞች ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት የተጫኑትም በዚሁ መንገድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ በገዛ ምርጫቸው የሚያነቡበት ልማድ በዚህ አካባቢ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ ምንስ እንደ ጐደለው ባጭሩ መመርመር ነው።

ነፃ ንባብ ሲባል ተማሪው ፈተና የማይፈተንበትን መጽሐፍ ራሱ መርጦ፣ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተውሶ፣ ወደ ቤቱ ወስዶ የሚያነበው ንባብ ማለት ነው። ይህ እንዲሆን አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም መጽሐፍ፣ ጊዜ፣ የውሰት ሥርዓትና የሚመራ መምህር ናቸው። ከአራቱ አንዱ ቢጐድል የቀሩት ሦስቱ እንደ ጐማ አልባ መኪና ቆመው ይቀራሉ። ታሪኩም የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ቀድሞ የመጣው መጽሐፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ምፅዋ አጠገብ በምትገኘው ምንኩሉ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ታተመ። የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ሲሆን፣ አስቴር ከሕዝቡ አፍ ታውቃቸው የነበሩትን ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች የያዘ ነበር። ኦነሲሞስ የተረጐመው ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። አዘጋጆቹ ለጀማሪ አንባቢ የሰጡት ደረቅ ፊደል ብቻ አልነበረም፤ አንባቢው ወዶ የሚያነበውን ተረት ጭምር ነው። ንባብ በደስታ እንደሚጸና ያኔም የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ተቋቋሙ። በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ፣ በ1938 ዓ.ም. ጄኔራል ዊንጌት በአዲስ አበባ፣ በ1939 ዓ.ም. ደግሞ የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈቱ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም በ1936 ዓ.ም. ተመሥርቶ ነበር። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል ስፍራ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለመታየት በቅቷል። ዲዮናስዮስ የጥንቷ ሲራኩስ ገዥ ስም ነው። እንዲህ ያለው ታሪክ በአምቦ ገበያም ሆነ በምድጃ ዳር የሚሰማ ወግ አይደለም። በገጠር ከተማ ያለ ልጅ ከመንደሩ ርቆ ማሰብ የሚችለው የሩቅ አገር ታሪክ እጁ ሲገባ መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ270 በላይ የሚሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝኛ ንባብ ሰፋ። የአማርኛው ልብ ወለድም አደገ፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በአንድ መምህር ፍቅርና ትጋት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ መምህሩ በተዛወረ ጊዜ የንባቡ ልማድም አብሮት መሄዱ የማይቀር ነበር።

በ1967 ዓ.ም. 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ዘመቻው በመጀመሪያ በአምስት፣ በኋላም በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። የተማሩት ሰዎች መልሰው እንዳይረሱ የንባብ ክፍሎች በየገጠሩ ተቋቁመው ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው በነዚህ ዘመናት ለሌላው ፊደል አስተማሪ ሆነ፤ ለራሱ የሚያነብበት ቋሚ ጊዜ ግን በትምህርት ሰሌዳው ላይ አልተጻፈለትም።

ጥቅምት 1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ እንዲሆን አደረገ። ከዚያ ወዲህ የአምቦ ወይም የጊንጪ ተማሪ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምሮ በዘጠነኛ ክፍል ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት ጋር ይፋጠጣል፤ አማርኛንም በሌላ ፊደል እንደ አንድ ትምህርት ይማራል። ሦስት ቋንቋ፣ ሁለት ፊደል መሆኑ ነው። ይህን ሰፊ ሸለቆ በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ መሻገር አይቻልም፤ ድልድዩ በየቋንቋው የሚገኝ ቀላልና አስደሳች ንባብ ነው።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ማስረጃ ከወደ ፊጂ ደሴቶች ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1980 ኤሊና ማንጉባይ የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆኑ የስምንት ገጠር ትምህርት ቤቶች ልጆች 250 ያህል የታሪክ መጻሕፍት እያደሉ ውጤቱን ተከታተሉ። ልጆቹ ከስምንት ወር በኋላ በንባብና በማዳመጥ ከተለመደው እጥፍ በሆነ ፍጥነት ተራመዱ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2000 የቀረበ የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ጉባኤ ዘገባ፣ ተማሪን ብቻውን ዝም ብሎ እንዲያነብ ማድረግ የንባብ ችሎታን ለማሳደጉ በቂ ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጿል። ሁለቱ አይጋጩም። መጽሐፍ ሲበዛና መምህር ሲመራ ንባብ ያፈራል፤ ተማሪው መጽሐፍ ተሰጥቶት ብቻውን ሲተው ግን ፍሬው አጠራጣሪ ይሆናል።

እንግዲህ በአገራችን ዋናው እንቅፋት የት ላይ ነው? በንብረት አያያዙ ላይ ነው። በመንግሥት ሥርዓት ንብረት በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ለጐደለውም ተረካቢው ይጠየቃል። ይህ ሥርዓት ለሲሚንቶና ለብረት የተገባ ነው። በመጽሐፍ ላይ ያለ ማሻሻያ ሲሠራበት ግን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጽሐፉን ቢቆልፍ አይፈረድበትም፤ የተቆለፈ መጽሐፍ አይጠፋምና።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ትምህርት ቤት 500 የንባብ መጻሕፍት አሉት፣ እያንዳንዱም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይዋሳል እንበል። የትምህርት ዓመቱ 40 ሳምንት ቢሆን አንዱ መጽሐፍ 20 ጊዜ፣ ሁሉም 10,000 ጊዜ ይነበባሉ። በዓመቱ ከአሥሩ አንዱ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ ጉዳቱ 50 መጽሐፍ ነው፤ ይኸውም ለ200 ንባብ አንድ መጽሐፍ መሆኑ ነው። ማናቸውም መሐንዲስ ለመኪና ጐማና ለወፍጮ ድንጋይ የማርጀት ሒሳብ ይይዛል። ለመጽሐፍ ይህ ሒሳብ የተነፈገበት ምክንያት አይታይም። ቆልፎ 500ውን ያዳነ ቤት 10,000ውን ንባብ ያጠፋ ቤት ነው።

የጉዳዩ ክብደት ቀላል አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መንስኤው ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቤተ መጻሕፍት ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም በእንግሊዝኛ የቀረበለትን ጥያቄ አንብቦ ለመረዳት የሚቸገር ተማሪ ፊዚክሱን ቢያውቅ እንኳ እውቀቱን ሊያሳይ አይችልም።

ስለዚህ በአምቦ መንገድ ከተሞች የሚያስፈልገው አዲስ ነገር ጥቂት ነው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለነፃ ንባብ ይመደብ፤ መምህሩም ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ያንብብ። በሦስቱም ቋንቋዎች ከቀላል እስከ ከባድ የተደረደሩ መጻሕፍት ይኑሩ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም በየዓመቱ የሚያረጀውንና የሚጠፋውን መጽሐፍ መጠን አስቀድመው ወስነው ከሠራተኛው ዕዳ ይሰርዙ። የቤተ መጻሕፍት ሕንፃ የሚነድፍ ባለሙያ ደግሞ ከመደርደሪያው ቁጥር በፊት ስለ ውሰት መስኮቱ ይጠይቅ፤ ተማሪው መጽሐፍ ይዞ የሚወጣበት በር በሥዕሉ ላይ ካልታየ የተነደፈው ግምጃ ቤት እንጂ ቤተ መጻሕፍት አይደለምና።