በጥር የሚቆጠር ችግኝ

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ኮረብታ ነው። ኮረብታው ከተወለድሁበት መንደር በስተ ምሥራቅ ይገኛል፤ ስሙን ብነግራችሁ አታውቁትምና ልተወው። በ1974 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፥ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ መምህራችን አሰልፈው ወደዚያ ወሰዱን። ለያንዳንዳችን ሦስት ሦስት የባሕር ዛፍ ችግኝ ተሰጠን፤ ጕድጓዱ አስቀድሞ በገበሬዎች ተቆፍሮ ነበር። ተከልን፥ ዘፈንን፥ ጭቃችንን በወንዝ ታጠብንና ወደየቤታችን ገባን። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ኮረብታው ተመልሶ የእኔ ችግኝ የትኛው ነው ያለ ልጅ አልነበረም፤ የጠየቀንም ሰው አልነበረም።

ዘመኑ የዘመቻ ዘመን ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ከታወጀ በኋላ ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ ነበርና፥ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል ከማኅበሩ በሚወርድ ትእዛዝ የሚፈጸም ሥራ ሆነ። በዓለም የምግብ ፕሮግራም ርዳታም ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ይከፈል ነበር። ይህን ስል ሥራው ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ድርቅ የመታው ሰው ልጆቹን በዚያ እህል አሳድጓል፤ ዛሬም በወሎና በሸዋ ተራሮች ከሚታዩት እርከኖች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን የእጅ ሥራ ናቸው። ነገር ግን ገበሬው ድንጋዩን ሲክብ የሚያስበው ስንዴውን ነበር፤ ዛፉ የማን እንደ ሆነ ማንም አልነገረውም። ከብትህን ከኮረብታው አውጣ ተባለ፥ አወጣ፤ ሣሩን አትጨድ ተባለ፥ አላጨደም። ታዲያ በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የኤኮኖሚ መመሪያውን ሲለውጥ፥ በማግስቱም ዓመት በግንቦት ሲወድቅ፥ ጠባቂውም ትእዛዙም በአንድነት ጠፉ። በአገራችን በብዙ ስፍራ በዘመቻ የተተከለው ደን ተቆረጠ፥ እርከኑም ፈረሰ።

እኔም ከቆረጡት አንዱ ነኝ። ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መጥረቢያ ይዤ ከጎረቤቶቻችን ጋራ ወጣሁና በሁለት ቀን ለእናቴ ማድቤት የሚበቃ እንጨት አወረድሁ። ምናልባት ከጣልኋቸው አንዱ በገዛ እጄ የተከልሁት ይሆናል። አላፈርሁም፤ ያፈርሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፥ ከኮረብታው የወረደው ጐርፍ የታችኛውን ማሳ ጠርጎ ሲወስደው ባየሁ ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን ያን ዕለትም አስገርሞኝ ነበር። በኮረብታው ትከሻ ላይ የቆየ ደብር አለ። በቅጥሩ ውስጥ የቆሙት ወይራና ጥድ ከባሕር ዛፉ ይልቅ ለቤት ሥራ የሚፈለጉ ናቸው፤ ሆኖም አንድ መጥረቢያ እንኳ አልነካቸውም። ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ፍርሃቱ በልጅ ልብ የሚገባው በማን እጅ ነው? የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከዚያ ቅጥር አንድ የወይራ ቅርንጫፍ ሰብሬ፥ ለእረኝነት በትር ይሆነኛል ብዬ ስወርድ አያቴ መንገድ ላይ አገኙኝ። አልመቱኝም። «ይህ አደራ ነው፤ ካገኘህበት መልሰህ አኑረው» አሉና እጄን ይዘው ሽቅብ ወሰዱኝ። በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ ስለ ነበሩ መንገዱ ግማሽ ቀን ፈጀብን። እንግዲህ በ1983 ዓ.ም. መጥረቢያ ይዤ በዚያ ቅጥር አጠገብ ሳልፍ አያቴ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ እጄ ግን ያዙኝ ብላ ታስታውሳቸው ነበር።

ኋላ የኬንያዪቱን የዋንጋሪ ማታይን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ አያቴ ትዝ አሉኝ። ዋንጋሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1940 በኒዬሪ አውራጃ ተወለደች። ከቤታቸው አጠገብ የሾላ ወገን የሆነ ትልቅ ዛፍ ነበረ፤ እናቷም ከርሱ ጭራሮ እንዳትለቅም፥ የእግዚአብሔር ዛፍ መሆኑን እየነገሩ ይከለክሏት ነበር። በዚያው አካባቢ ከሚፈልቀው ውሃ ልጅቱ የእንቍራሪት እንቍላል እየቀዳች እንደ ዶቃ በአንገቷ ልታስረው ትሞክር ነበር። ከውጭ አገር ትምህርቷ ከተመለሰች በኋላ ግን ዛፉ ተቈርጦ፥ ምንጩም ደርቆ አገኘችው። በ1977 በናይሮቢ ከተማ በአንድ መናፈሻ ሰባት ዛፍ ተከለች፤ ከነዚያ አብዛኞቹ ደረቁ። እርሷና የገጠር ሴቶች የመሠረቱት ማኅበር በኋላ ያወጣውን ሥርዐት እኔ እጅግ እወደዋለሁ፤ ይኸውም ጥቂቷ ሳንቲም የምትከፈለው ለተተከለው ችግኝ ሳይሆን ለጸደቀው ነበር። በዚህ መንገድ ከ30 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተተከለ። በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ስትቀበል በኦስሎ ያደረገችውን ንግግር የደመደመችው በዚያው በልጅነቷ ምንጭ ታሪክ ነው።

በአገራችንም ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ያን ዕለት እኔም ዶማ ይዤ ወጥቼ ነበር። ሆኖም እንደ እኔ ያለ ኮረብታ ያየ ሰው የሐምሌን ቍጥር ሰምቶ የጥርን ይጠይቃል፤ ዝናቡ ሄዶ፥ ሣሩ ደርቆ፥ ፍየል በየገደሉ በሚንከራተትበት ወር ስንቱ ቆሟል?

ስለዚህ ዛሬ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ ሦስት ችግኝ አንሰጥም፤ አንድ ብቻ ነው። ጕድጓዱን ራሱ ይቆፍራል፥ ስሙን በድንጋይ ላይ በኖራ ይጽፋል፤ የምንቆጥረውም በጥር ነው። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቍጥራችን ለሪፖርት የሚያኮራ አይደለም፤ የደረቀበት ልጅ ሲያለቅስም አይቻለሁ፥ ያን ጊዜ ምን እንደምለው ይጠፋኛል።

ባለፈው ጥር አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ችግኟ እስከ ግንዱ ተግጦ አገኘችው። ዱካውን ተከትላ ብትሄድ ፍየሏ የገዛ አባቷ ሆና ተገኘች። ማታ ከአባቷ ጋራ ምን እንደ ተነጋገሩ አላውቅም። በማግስቱ ጧት በደጃቸው ሳልፍ ፍየሏ በገመድ ታስራለች፤ አባትየው ደግሞ የእሾህ ሸክም ተሸክመው ልጃቸውን ተከትለው ወደ ኮረብታው ይወጡ ነበር።