የጣሪያና ግድግዳ ሂሳብ

ድሬን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ ከዚራ ቀጥ ቀጥ ባሉ መንገዶች ተቀየሰ፤ ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ እንደፈለገው ተጠማዘዘ። የእነዚያ ቤቶች ዋጋ ስንት ነው? ጭቅጭቁ እዚህ ጋ ነው።

ሐምሌ 1967 ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረ። በዓመቱ አዋጅ ቁጥር 80/1968 የቦታ ኪራይና የቤት ግብር አመጣ፤ ሁላችንም «የጣሪያና ግድግዳ» የምንለውን። የቤቱ ግብር ይሰላ የነበረው በዓመታዊ የኪራይ ግምት ነው። (ግለሰብ ቤቱን ማከራየት በተከለከለበት ዘመን የኪራይ ግምት! ሳቁ እንጂ።)

ግምቱ ለአሥርት ዓመታት ተኛ። አዲስ አበባ በ2015 ስትቀሰቅሰው የቤት ባለቤቱ ደነገጠ። ጥር 2017 ደግሞ ፓርላማው የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ፤ መነሻው ከኪራይ ወደ ንብረቱ ዋጋ ዞረ።

ከተማ ያለ ግብር መንገድ አይሠራም፤ በዚህ አንከራከርም። ግን ደርግ በተወላት አንዲት ቤት የምታረጅ እናት፣ ቤቱ ስለተወደደ ጡረታዋ አልጨመረም። ቤቷን ካልሸጠች ዋጋው ወረቀት ላይ ነው። ደቻቱ ዳር ያለውስ? በ1998 ክረምት ጎርፉ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ገማቹ ይህን በየትኛው ሳጥን ይሞላዋል?