በሩ ተዘግቶ መጽሐፉ ሲዋስ

ስለ ኮሮና ጊዜ ሲወራ የተዘጉ መስጂዶችና ትምህርት ቤቶች ይነሳሉ። ቤተ መጻሕፍት ብዙም አይወሱም። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሲልኩ በሚሊዮን የሚቆጠር መጽሐፍ ተቆልፎበት ቀረ። ፈተናውና የመመረቂያ ጽሑፉ ግን አልቆመም።

መፍትሔው የመጣው ለዚያ ቀን ታስቦ ካልተሠራ ነገር ነው። ጉግል ከ2004 ጀምሮ ከሚሺጋንና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተስማምቶ መጻሕፍታቸውን በስካነር ያነሳ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ የደረሳቸውን ቅጂ በአንድ ቋት ለማኖር በ2008 ሃቲ ትረስትን መሠረቱ። «ሃቲ» በሂንዲ ዝሆን ነው፤ ዝሆን አይረሳም ስለሚባል። «ትረስት» ደግሞ እኛ አማና የምንለው። በ2020 ከ17 ሚሊዮን በላይ ጥራዝ ነበረው። ከግማሽ በላዩ ግን የቅጂ መብቱ ያላለቀ ስለነበር ተራ አንባቢ ቃል ይፈልግበት እንጂ ገልጦ አያነበውም። ለዚህች ለፍለጋዋ እንኳ የደራስያን ማኅበር በ2011 ከሶ እስከ ይግባኝ ተሟግቷል። በ2014 ፍርድ ቤቱ ፍለጋውንም፣ ለዓይነ ስውራን ማንበቢያ መሆኑንም ፈቀደ።

ማርች 31 ቀን 2020 ሃቲ ትረስት ጊዜያዊ የአስቸኳይ አገልግሎት ከፈተ። አሠራሩን ልብ በሉ። ኮሌጁ መደርደሪያው ላይ አንድ ቅጂ ካለው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ በስክሪን ያነበዋል፤ ሁለት ካለው ሁለት። ውሰቱ ለአንድ ሰዓት ነው፣ ሌላ ፈላጊ ከሌለ ይታደሳል። የሌለህን አታውስም ነው ነገሩ። ዋጋም ነበረው፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በስክሪን የሚዋሰው መጽሐፍ ወረቀቱ ከመደርደሪያ አይወጣም ነበር። የኅትመቱን ሥዕልና ካርታ በእጁ ይዞ ማየት ለሚፈልግ ተመራማሪ ይህ ቀላል አልነበረም።

ከሳምንት በፊት፣ ማርች 24፣ ኢንተርኔት አርካይቭ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ወደ 1.4 ሚሊዮን መጻሕፍት ያለ ወረፋ ለቀቀ። ጁን 1 አራት ትልልቅ አሳታሚዎች ከሰሱት፣ ጁን 16 ዘጋው። በ2023 ተፈረደበት፤ በሴፕቴምበር 2024 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ደግሞም ፍርዱ ያለ ወረፋ የተሰጠውን ብቻ አልነካም፤ ድርጅቱ ከዚያ በፊት የሚሠራበትን አንድ ቅጂ ለአንድ አንባቢ የማዋስ ስልትም አልተቀበለም። ስለዚህ ሃቲ ትረስት በዚህ አገልግሎቱ አለመከሰሱ በእኔ እይታ የስልቱ ብቻ ሥራ አይደለም። የተዋሰው የየኮሌጁ የራሱ መጽሐፍ ነው፤ ለኮሌጁ አባላት ብቻ ነው፤ በሩም በእርግጥ ተዘግቶ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈቱ አገልግሎቱ አበቃ፣ የተፈቀዱት ገጾች ተመልሰው ተዘጉ። ሚሺጋን በስካነር አንስቶ እዚያው ያኖራቸው የዐረብኛ፣ የፋርስኛና የቱርክኛ የእጅ ጽሑፎች ግን የቅጂ መብት ስለማይዛቸው ከወረርሽኙ በፊትም በኋላም ክፍት ናቸው። ገልጦ ለማንበብ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ አይጠየቅም።